ወንበር ሲገኝ

እትዬ ወንበር ይሏታል። ወላጆቿ ያወጡላት ደህና ስም አላት፤ ግን መሥሪያ ቤቷ ሄዶ በዚያ ስም የሚፈልጋት ሰው ቢኖር ዘበኛው ራሱን አክኮ አክኮ «እንዲህ የምትባል ሰው እኛ ዘንድ የለችም» ብሎ ይመልሰዋል። «እትዬ ወንበር» ያሉት እንደሆነ ግን ከተቀመጠበት ብድግ ይልና «ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው ወደ ግራ፣ ግድግዳው በወረቀት ተሸፍኖ ቀለሙ የማይታየው ክፍል» ይላል። ደስ ካለውም እስከ በሩ ድረስ ይሸኛል።

ሥራዋ ወንበር መቁጠር ነው። የሳሎን ወንበር አይደለም፣ የአውሮፕላን ወንበር ነው። በቀጠናው ያሉት አየር መንገዶች ሁሉ፣ የእሷም ኩባንያ ተፎካካሪዎቹም፣ በየሳምንቱ ወደየትኛው ከተማ ስንት ወንበር ይዘው እንደሚበሩ እየለቀመች ታሰባስባለች። ማን ጨመረ፣ ማን ቀነሰ፣ ማን ትልቁን አውሮፕላን አንሥቶ በትንሹ ተካ፤ ይህን ሁሉ በቀይና በሰማያዊ መስመር ግድግዳዋ ላይ ታሠምረዋለች። መስመሩ ሽቅብ ሲወጣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ትወርዳለች። ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ምሳው አልዋጥ ይላታል። በወሩ መጨረሻ «እዚህ ይጨመር፣ እዚያ ይቀነስ» የሚል ሪፖርት ትጽፋለች፤ ሪፖርቱ ወደ ጣቢያዎች ሁሉ ይላካል፣ አለቃዋም ጠረጴዛ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያም አለቃዋ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ በሰላም ያርፋል።

ይህ ገበያ ደግሞ ልብ የለውም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የቀጠናው ሕዝብ በሙሉ ክንፍ ሊያወጣ ነው ተብሎ ነበር። አንዱ ኩባንያ አንድ አውሮፕላን ሲጨምር ሌላው እልህ ይይዘውና ሁለት ይጨምራል፤ ሦስተኛው ከሁለቱ ላለማነስ ይበደርና ያመጣል። ወንበር እንደ አሸዋ በዛ። አስተናጋጆቹ ከመንገደኛው በልጠው እርስ በርሳቸው ሻይ ሲቀዳዱ የዋሉበት በረራ ነበር። ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ ደነገጡና ቀነሱ፤ ቀነሱና አሁን ደግሞ ሰው ሻንጣውን እንደያዘ ወንበር አጥቶ ይለምን ጀመር። «ድግስ ነው» ትላለች እትዬ ወንበር፣ «ወንበር ካነሰ እንግዳ ይቆምብሃል፤ ከበዛ ደግሞ ሰው የጠላህ ይመስልብሃል።»

እንዲህ ያለው ሥራ ከቢሮ ሲወጡ አይቀርም፣ አብሮ ይመጣል። አውቶቡስ ስትሳፈር ባዶውን ወንበር ከረዳቱ ቀድማ የምታውቀው እሷ ናት። ሲኒማ ቤት መብራቱ ሲጠፋ ሰው ሁሉ ወደ ፊት ያያል፣ እሷ ወደ ኋላ ዞራ ትቆጥራለች። አንድ ጊዜ ጥርስ ልትነቀል ሄዳ፣ አፏ ደንዝዞ ምላሷ እንደ ስፖንጅ ተነፍቶ፣ ለሐኪሙ «ረቡዕ ረቡዕ የእንግዳ ማረፊያዎ ባዶ ነው፣ ከሰኞው ያዛውሩበት» ለማለት ታገለች። ሐኪሙ አመማት ብሎ ሌላ መርፌ ጨመረላት።

በዚህ ጣጣዋ ከሁሉ በላይ ፍዳዋን የምታየው ታናሽ እህቷ ናት። ሁለቱ አንድ ቤት ይኖራሉ። አንዳቸውም አላገቡም፤ ታላቂቱ ወንድሞችና እህቶች ስታስተምር ጊዜው አመለጣት፣ ታናሺቱ ደግሞ «የመጣው ሁሉ ፀጉሩ አላማረኝም» ባይ ናት። የፊተኛውን ክፍል የሴቶች ፀጉር ቤት አድርጋዋለች፤ አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ፣ አንድ ትልቅ መስታወትና ሦስት ወንበር አለው። ጠቡ በሦስተኛው ወንበር ነው።

«ይህ ወንበር ትርፍ ነው» ትላለች እትዬ ወንበር፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስትወጣ። «ሰው ተቀምጦበት አይቼ አላውቅም። አንሺው።»

«እታለም፣ ይሄ ፀጉር ቤት ነው፤ አውሮፕላን አይደለም።»

«ያው ነው። የማይሞላ ወንበር ቦታ ይበላል።»

«አንድ ቀን ሰው ይመጣበታል።»

«በምን ጥናት?»

«በሆዴ!» ትላለች ታናሺቱ፣ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን ወርውራ እስከ በር እያባረረቻት።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር እንግባ፤ ዋናው ነገር በስልክ የመጣ ነው።

ከተራሮቹ ወዲያ አንዲት ትንሽ ከተማ አለች፣ የኩባንያው አውሮፕላን በሳምንት ጥቂት ቀን ብቅ የሚልባት። የዚያች ከተማ ጣቢያ ማለት አንድ ክፍል፣ አንድ ሚዛን፣ አንድ የሚያላዝን ማይክራፎንና አንድ ሰው ነው። ሰውየው ትኬት ይቆርጣል፣ ሻንጣ ይመዝናል፣ «ክቡራን መንገደኞቻችን!» እያለ በማይክራፎን ይጣራል፤ ክቡራን መንገደኞቹ ፊቱ ናቸው፣ ቢያንሾካሹክም ይሰሙታል። ከዚያ አንጸባራቂ ሰደርያውን ለብሶ ሮጦ ወጥቶ ሻንጣውን ራሱ ይጭናል። ረዳቱ ላሞችን ከመንደርደሪያው የሚያባርር አንድ ዘበኛ ብቻ ነው።

ሁሉም በደነገጠበት በዚያ የመቀነስ ዘመን፣ እትዬ ወንበር ከዚህች ከተማም ወንበር ይቀነስ ብላ ጽፋ ነበር። ሪፖርቱ እንደ ልማዱ መሳቢያ ገብቶ ተኛ። ሰውየው ግን አነበበው፤ በማግስቱም ስልኳ ጮኸ።

«ዋና መሥሪያ ቤት ነው?»

«ነው።»

«ወንበሬን ሊወስዱ ያሰቡት ሴትዮ እርስዎ ነዎት?»

«ወንበሩ የኩባንያው ነው፣ የእርስዎ አይደለም። ደግሞም ባዶ ነው።»

«ባዶ ነው እንጂ የሞተ አይደለም! ሰው ሞልቶኛል እኮ። አውሮፕላን መፍራቱን እስኪተውልኝ ነው የምጠብቀው።»

«መቼ ይተዋል?»

«ዘበኛዬ ሄዶ በደህና ሲመለስ። እሱን አሳምኜዋለሁ፣ የቀረችኝ ሚስቱ ናት።»

ከዚያ ሳቀ። ወይ ሳቅ! ከሆዱ ተነሥቶ፣ እመንገድ ላይ እንደ ቀዝቃዛ ሞተር ትር-ትር ብሎ ጠፍቶ፣ ሰውየው የሞተ መስሎ፣ ከዚያ እንደገና ተነሥቶ የሚያገሣ ሳቅ። እትዬ ወንበር ስልኩን ከጆሮዋ አራቀች፣ መልሳ አስጠጋች፣ ሳታስበውም አብራው ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ የመንገደኛውን ቁጥር በኢሜይል መላክ ቀርቶ በየማክሰኞው መደወል ሆነ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ ዋና መሥሪያ ቤት!»

«ጤና ይስጥልኝ፣ ጣቢያ። ስንት ሰው ተሳፈረ?»

«ሰው ብቻ ነው የሚጠየቀው? የጣቢያው ጤንነት አይጠየቅም?»

«እሺ፣ ጣቢያው እንዴት ነው?»

«ወገቡን ያመዋል። ዛሬ ሻንጣ ሳይሆን ወፍጮ ነው የጫነው።»

እሱ እሷን በስም ጠርቷት አያውቅም፤ ዋና መሥሪያ ቤት ናት። እሷም እሱን ጣቢያ ነው የምትለው። የላሞቹን ወሬ ታውቃለች፤ የትኛዋ ላም አውሮፕላን እንደማትፈራ፣ የትኛዋ ሞተር ስትሰማ ጆሮዋን እንደምታቆም። የዘበኛው ሚስት በመጨረሻ እሺ ብላ እንደተሳፈረችና መስኮቱ አጠገብ ካልሆነ አልቀመጥም እንዳለች የሰማች ቀን፣ በግድግዳዋ ላይ በዚያ ሳምንት መስመር አጠገብ ትንሽ ኮከብ ሣለች። በእውነትም ከዚያ በኋላ የዚያች ከተማ መስመር ቀና ማለት ጀመረ። ሕዝቡ ደፈረ።

አለቃዋ፣ ገና ጢሙ ያልጠነከረ ግን ሰው አክባሪ ልጅ፣ አንድ ማክሰኞ በሩ ላይ ቆሞ ሰማትና ጠየቃት።

«እትዬ፣ የዚያ ጣቢያ ኢንተርኔት አሁንም አልተጠገነም?»

«አልተጠገነም ልጄ።»

«ይኸው ሁለት ዓመት?»

«ሩቅ አገር እኮ ነው» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

ስልኩ ሊዘጋ ሲል ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደጋገማል። እሱ «አንድ ቀን ብቅ ይበሉ እንጂ፣ ላሞቹን ላስተዋውቅዎት» ይላል። እሷ «ወንበር ሲገኝ» ትላለች። ቀልድ ነው፤ ግን ቀልድ ብቻም አይደለም። የኩባንያው ሠራተኛ በነፃ የሚበርበት ተጠባባቂ ትኬት የሚባል ነገር አለ። ስምህ ከዝርዝሩ ግርጌ ይጻፋል፣ የከፈለው ሁሉ ገብቶ የተረፈ ወንበር ካለ ትገባለህ፣ ከሌለ አውሮፕላኑን በእጅህ ትሸኛለህ። የዚያች ከተማ አውሮፕላን ደግሞ ሁለቱ ከተዋወቁ ወዲህ እየሞላ ሄዷል፤ ያስሞሉት ራሳቸው ናቸው። ወንበር እንዲሞላ ሌት ተቀን የምትለፋ ሴት ለራሷ ባዶ ወንበር ከየት ታምጣ?

አንድ ማክሰኞ ታዲያ ጣቢያ ሲደውል ስለ ላም አላነሣም።

«ጡረታዬ ደረሰ» አለ። «ወር አይቆይም። ከዚያ ወንድሜ እርሻ ነው የምገባው። ኔትወርክ የሚይዘው ዛፍ ላይ ሲወጡ ነው አሉ።»

«ዛፍ ላይ?»

«ዛፍ ላይ። እኔ ደግሞ በዚህ ጉልበቴ…» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። መሳቅ ሲገባውም አልሳቀም።

እትዬ ወንበር ብዙ ነገር ልትል አሰበች። ከአፏ የወጣው ግን «ስንት ሰው ተሳፈረ?» የሚለው ሆነ። ስልኩን ዘግታ መስመር ማሥመር ስትጀምር ማሥመሪያውን ገልብጣ ይዛ የሳምንቱ ገበያ በሙሉ ገደል ገባ።

ማታ ለእህቷ ነገረቻት፤ እሄዳለሁ፣ ሄጄ ዓይኑን አየዋለሁ አለች።

«ቆይ፣ መልኩ ምን ይመስላል?» አለች ታናሺቱ።

«አላውቅም።»

«ረጅም ነው አጭር?»

«አላውቅም አልኩሽ።»

«ሚስት አለችው?»

«የለችውም። ድሮ ነው የሞተችው። እሱን አውቃለሁ።»

«ሌላስ ምኑን ታውቂያለሽ?»

«የመንገደኛ ቁጥሩን።»

ታናሺቱ ማበጠሪያዋን ጥላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። ሳቋን ስትጨርስ እንባዋን ጠርጋ «ታዲያ ትኬት ገዝተሽ ሂጃ፣ ምን ያስጨንቅሻል?» አለች።

«አይሆንም! የከፈለ ሰው ስሙ ቀድሞ ለጣቢያው ይላካል። ገና ሳልነሣ ያየኛል፣ ፊቱን ተላጭቶ ይጠብቀኛል። እኔ የምፈልገው ድንገት ሚዛኑ ላይ ወጥቼ ‹ይህን ሻንጣ መዝኑልኝ› ልለው ነው። ተጠባባቂ ግን ስሙ የሚታወቀው በሩ ሲዘጋ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ በኩራት ጨመረች፤ «ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ባዶ ወንበር የት እንዳለ ስናገር ኖሬ፣ ለራሴ አንድ አጥቼ ልግዛ?»

ባዶ ወንበር የት እንዳለማ ታውቃለች። በየዓመቱ ትምህርት ቤት በተከፈተ ሳምንት፣ ሰው ሁሉ ለልጅ ጫማና ደብተር ወጪ አውጥቶ ቤቱ በሚከተትበት ጊዜ፣ የቀጠናው መስመር በአንዴ ቁልቁል ይሰምጥና በሳምንቱ ይወጣል። ግድግዳዋ ላይ በየዓመቱ ቦታው የሚታወቅ ጉድጓድ ነው፤ ቢሮው ሁሉ «ጉድጓዱ» ይለዋል። በዚያ ሳምንት ትልቁ አውሮፕላን እስከ ሩቡ እንኳ አይሞላም። የጣቢያም ጡረታ ከዚያ ቀጥሎ ነው። እንግዲህ የጉድጓዱን ሐሙስ ያዘች፣ ፈቃድ ሞላች፣ ተጠባባቂ ትኬቷን አወጣች።

አለቃዋ ፈቃዱን ሲፈርምላት ፊቱ በርቶ ነበር። «እትዬ፣ እኔም ዘንድሮ አንድ ስጦታ አዘጋጅቼልሻለሁ። ስትመለሺ ታያለሽ።» እሷ ኬክ መሰላት።

የመጨረሻው ማክሰኞ ስልክ ግን ግራ የገባው ነበር።

«ሐሙስ ምን ይሠራሉ፣ ዋና መሥሪያ ቤት?»

«ምን እሠራለሁ፣ ቢሮ ነዋ! እርስዎስ?»

«እኔም ሥራ ነዋ! ሌላ ምን አለኝ?»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

ረቡዕ ማታ ታናሺቱ በቢጎዲን ጠቅልላ፣ ካስክ ውስጥ ከታ፣ ቀባብታ፣ እትዬ ወንበርን ሌላ ሴት አደረገቻት። ሐሙስ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ በመስታወቱ ፊት ሁለት ጊዜ አለፈች፤ ሁለተኛው ጊዜ አያስፈልግም ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያው ደርሳ መሳፈሪያው በር ላይ ለቆመችው ወጣት ሠራተኛ ትኬቷን ሰጠቻት። ልጅቷ አይታው ከንፈሯን መጠጠች።

«እናቴ፣ ዛሬ እኮ ትንሿ ናት። ደግሞ ሙሉ ናት።»

«የምን ትንሿ? የሐሙሱ ትልቁ ነው!»

«ነበር። የዚህን ሳምንት ቀየሩት።»

«ማን ነው የቀየረው?»

ልጅቷ ግራ ቀኝ አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ዋና መሥሪያ ቤት አንዲት እትዬ ወንበር የሚሏት ሴትዮ አለች አሉ። ባዶ ወንበር ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም። እሷ ናት ‹ትልቁ ተነሥቶ በትንሹ ይተካ› ብላ የጻፈችው።»

«ምን ዓይነት ጨካኝ ሴት ናት!» አለች እትዬ ወንበር፣ ከልቧ። ከዚያ አፏ እንደተከፈተ ቀረ።

ጽፋለች። አዎ ጽፋለች! የጡረታውን ወሬ ከመስማቷ በፊት በወጣው ሪፖርት ላይ፣ በየዓመቱ እንደምትጽፈው፣ «በጉድጓዱ ሳምንት ትልቁ አውሮፕላን ተነሥቶ ባለ ፕሮፔለሯ ትንሽ አውሮፕላን ትተካ» ብላ አሥምራበታለች። ይህንኑ ለዓመታት ጽፋለች፣ ለዓመታትም መሳቢያ ገብቷል፣ ለዓመታትም «የሚሰማኝ ጠፋ» ብላ አለቃዋን ስትነዘንዝ ኖራለች። አለቃዋ ደግሞ ዘንድሮ ሰማት። ስጦታው ኬክ አልነበረም።

ሳቅም ለቅሶም መጣባት። ሁለቱንም ዋጥ አድርጋ ወንበር ያዘችና ተቀመጠች። ተስፋ ገና አልቆረጠችም፤ ሁልጊዜ አንድ ሁለት ሰው ትኬት ገዝቶ የሚቀር አይጠፋም፣ ይህንንም የምታውቀው እሷ ናት። ከፊቷ ባለው መስታወት አሻግራ አየች። ትንሿ አውሮፕላን ከተራሮቹ ወዲያ መጥታ አረፈች፤ ከውስጧ ጥቂት ሰዎች ብቻ ወረዱ። ከዚያ ወዲህ ለሚመጣ ሰው ባዶ ወንበር ሞልቶ ነበር ማለት ነው። የወረዱት ወደ መግቢያው ሲሄዱ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሰውን አንዱን የሻንጣ ጫኞቹ አለቃ ጠርቶ ወደ ጋሪው ሲያመለክተው አየች። ሰውየው መጀመሪያ እጁን አወራጨ፤ ቀጥሎ ሻንጣዎቹ የተከመሩበትን መንገድ አይቶ ያልወደደው መሰለ፤ ከዚያ እጅጌውን ጠቅልሎ ገባበት። እትዬ ወንበር ብዙም ልብ አላለችውም። ዓይኗ የሚሳፈረው ሰው ላይ ነበር።

ሰልፉ ገባ። ሁሉም መጣ። ሊቀሩ ይገባቸው የነበሩት እንኳ መጡ። አንድ ወንበር ብቻ ቀረና ልጅቷ ወደ እሷ ዞራ ፈገግ አለች፤ እትዬ ወንበርም ሻንጣዋን አነሣች፤ ልክ ያን ጊዜ ከኋላ ኮቴ ተሰማ። አንዲት ነጋዴ በሁለት እጇ ትልቅ ዕቃ ታቅፋ፣ ሻርፗ በአንድ ትከሻዋ ተጎትቶ፣ «ጠብቁኝ! ጠብቁኝ በናታችሁ!» እያለች ደረሰች።

ትኬቷን ከፍላለች። ምን ይደረግ? ይባስ ብሎ ዕቃው አልያዝ አላት፤ እትዬ ወንበር የራሷን ሻንጣ አስቀምጣ አንዱን ጫፍ ያዘችላትና እስከ በሩ አደረሰቻት። ወንበሯን የወሰደችባትን ሴት በገዛ እጇ ሸኘች።

ልጅቷ ለነጋዴዋ በሩን ከፈተች። የሞተሩ ጩኸትና የነዳጁ ሽታ ገባ፤ ከዚያ ከጩኸቱ ሥር ሌላ ድምፅ ገባ። ከሆድ ተነሣ፣ እመንገድ ላይ ትር-ትር ብሎ ጠፋ። እትዬ ወንበር ትንፋሿን ያዘች። ተነሣ! እንደገና አገሣ!

«ጣቢያ!» ብላ ጮኸች።

ሰደርያ የለበሰው ሰው ሻንጣ በትከሻው እንደተሸከመ ዞረ። አጭር ነው፣ ደልደል ያለ፣ ጢሙን ለዚህ ቀን ተላጭቶ አገጩን ሁለት ቦታ የቆረጠ። በበሩ ውስጥ የቆመችውን ፀጉሯ የተሠራ ሴት አየና ዓይኑን አጠበበ።

«ዋና መሥሪያ ቤት?» አለ።

«እናቴ፣ ወደዚያ መውጣት አይፈቀድም» አለች ልጅቷ ክንዷን ይዛ፤ ከዚያ ቃሉ ዘግይቶ ደረሳትና «ቆይ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ማለት… እርስዎ…» ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አዎ ልጄ። ጨካኟ እኔ ነኝ» አለች እትዬ ወንበር። ልጅቷ ክንዷን ለቀቀችው። እሷም አልወጣችም፣ ሕግ ሕግ ነው፤ አንድ እግሯን ብቻ ከደፉ አሳለፈችና ቆመች። ጣቢያም ሻንጣውን እንደተሸከመ እስከ ደፉ መጣ።

«እዚህ ምን ይሠራሉ?» አለችው።

«እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ? ቢሮ ነኝ አላሉም?»

«እርስዎስ ሥራ ላይ ነኝ አላሉም?»

«ይኸው እየሠራሁ አይደል!» አለ ሻንጣውን እያሳየ። «በራሴ ጣቢያ ጭኜ፣ በራሴ እጅ በሩን ዘግቼ ተሳፈርኩ፤ ሰደርያውን ማውለቅ ረሳሁት። ስወርድ እነዚህ ሰዎች የእነሱ ሠራተኛ መስዬአቸው ያዙኝ። አከማመራቸው ደግሞ አያስቆምም፤ ከባዱን ከላይ!»

«ታዲያ ጣቢያውን ማን ይዞታል?»

«ዘበኛው። በማይክራፎኑ ሲጣራ ብትሰሚው… ቢሰሙት፣ ከእኔ ይሻላል።»

«ላሞቹንስ?»

«ሚስቱ።»

«ምን ብለው መጡ ግን?»

ጣቢያ ሻንጣውን ከትከሻው አወረደ። ፊቱ ቀላ። «ሪፖርትዎን አነበብኩ። ጉድጓዱ ሐሙስ ነው፣ ባዶ ወንበር አይጠፋም አልኩ። ለዓመታት ‹ወንበር ሲገኝ› ይሉኛል፤ እርስዎ ጋ ካልተገኘ እኔ ጋ ይገኛል ብዬ ነው። መጥቼ ቢሮዎ በር ላይ ‹ስንት ሰው ተሳፈረ?› ልልዎት ነበር።»

እትዬ ወንበር ነገሩ እየገባት ሄደ። ትልቁ አውሮፕላን ቢሆን ኖሮ፣ እሷ ከፊት ከተሳፋሪው ጋር ተሰልፋ መስኮቷን ይዛ ስትቀመጥ፣ እሱ በታክሲ ወደ ቢሮዋ ይከንፍ ነበር። እሷ የእሱን ሚዛን ስታንኳኳ እሱ የእሷን ግድግዳ እያየ ይቆም ነበር። ሪፖርቷ ነው ያስቀራት፣ ሪፖርቷ ነው ያመጣው። በሩን ተደገፈች፤ ከዚያ መሳቅ ጀመረች። እሱም ጀመረ፣ ጠፋ፣ ተነሣ። የሻንጣ ጫኞቹ አለቃ «ያንን ሻንጣ አምጣው እንጂ፣ አውሮፕላኑ ሊሄድ ነው!» ብሎ ሲጮህ ጣቢያ ሮጦ ጭኖ ተመለሰ፤ እንደ ነፋስ ፈጠነ ቢባል ያንሰዋል፣ ወገቡን የሚያመው ሰው አይመስልም።

ወደ ውጭው አዳራሽ በሌላኛው በር ዞረው ሲገናኙ ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው።

«እትዬ! ሰማሽ? ትንሿን አሰማራኋት፣ ያልሽው በሙሉ ልክ ሆነ! አንድ ወንበር እንኳ ባዶ አልሄደም! አንድም!»

«አውቃለሁ ልጄ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።»

ታናሺቱ ፀጉር ቤቷ ውስጥ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር ስታጥብ በሩ ተከፈተ። ሁለቱ ወንበሮች ተይዘዋል። ታላቅ እህቷን ከነሻንጣዋ ስታይ እጇ አረፋ እንደሞላ ጮኸች።

«ቀረሽ?! ያንን ሁሉ ቢጎዲን ጠቅልዬ!»

«ቀረሁ።»

«ይህስ ማን ነው? ሻንጣ ተሸካሚ ቀጠርሽ?»

«አዎ» አለ ጣቢያ፣ ሻንጣውን በሥርዓት ከግድግዳው አስጠግቶ። «ብዙ ልምድ አለኝ።»

ከዚያ ጣቢያ ሳቀ። ታናሺቱ የሰማችው ነገር ለእሷም አዲስ አልነበረም፤ በየማክሰኞ ማታ ታላቂቱ ራት ላይ አሥር ጊዜ ስትደግምላት የኖረችው ሳቅ ነበር። አረፋውን በሽርጧ ጠረገችና ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«አሃ» አለች። «የመንገደኛ ቁጥሩ።»

ጣቢያ የሚቀመጥበት ፈለገ። ሦስተኛው ወንበር እንደ ልማዱ ባዶውን ቆሟል። ታናሺቱ ወደ እህቷ ዞራ፣ ቅንድቧን ሰቅላ፣ ወንበሩን በጨርቅ ወልውላ አቀረበችለት። እትዬ ወንበር ጣሪያውን አየች።

«ለስንት ቀን ነው የመጡት፣ ጋሼ?» አለች ታናሺቱ።

«እኔ ተጠባባቂ ነኝ» አለ ጣቢያ ሲቀመጥ። «የምመለሰው ወንበር ሲገኝ ነው።» ከዚያ በመስታወቱ ውስጥ እትዬ ወንበርን አያት። «መቼ ይገኛል፣ ዋና መሥሪያ ቤት?»

ሪፖርቱ ላይ ተጽፏል። ጉድጓዱ ገና አላበቃም፤ የቅዳሜው በረራ ወደዚያ ሲሄድ ግማሹ ባዶ ነው፣ የሰኞውም ከዚያ አይሻልም። ሪፖርቱን እሷ ጽፋዋለች፣ እሱም አንብቦታል። እትዬ ወንበር በሕይወቷ የተሳሳተ ቁጥር ከአፏ ወጥቶ አያውቅም።

«አይገኝም» አለች። «ቅዳሜም ሙሉ ነው። ሰኞም ሙሉ ነው። ከዚያ ወዲያማ ጨርሶ አይጠየቅም።»

ጣቢያ ራሱን በቁም ነገር ነቀነቀ። «እኔም እንደዚያ ነው ያነበብኩት።»

«አንተ» አለች እትዬ ወንበር፣ ከቃሉ ጋር ፊቷ በርቶ፣ «ያንን ሰደርያ አውልቀው እንጂ። ቤት ገብተሃል።»